ከፌርፋክስ እስከ ሼራትስ፦ ከካርታ የተፋቀ ክፍለ ሀገር ፍለጋ

ስለ ጉዞው ከመናገሬ በፊት ተጓዡ ማን እንደሆነ ይታወቅ። ታፈሰ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ከትምህርት ቤት የወጣሁት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ሕግን ከነጋሪት ጋዜጣ፣ የጽሕፈት መኪናን ደግሞ ሌላው ሲመታ ከጀርባው ቆሜ ተማርኩ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አሰበ ተፈሪ ላይ፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት በር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ሆንኩ። ዳኛው የባለጉዳዩን ስም ሳያነቡ የእኔን እጅ ይለዩ ነበር። ሎስ አንጀለስ መጥቼም ለዓመታት ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ካቆምኩ በኋላ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተሰለፉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በአንድ ምግብ ቤት የመስኮት ጠረጴዛ፣ ፎርም የሚሞላለት የፈለገ ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ዲግሪ ያላቸው ጭምር ይመጣሉ።

ጉዳዩ የወይንሸት ነው። ወይንሸት ሚድ ሲቲ ትኖራለች፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። በደርግ ዘመን ከነሚስቱ ለሥልጠና ፖላንድ ተልኮ፣ ወይንሸት እዚያ ዝዱንስካ ቮላ በምትባል የሸማኔ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሞቷል። እናቷ እትዬ አስካለ አዲስ አበባ ብቻቸውን ናቸው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚያነሳቸው ጎረቤት ነው። ወይንሸት እናቷን ለማምጣት አመለከተች። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

እናትና ልጅ መሆናቸውን የምታስረዳው አንዲት የፖላንድ የልደት ወረቀት ናት። እሷንም ወደ እንግሊዝኛ የመለስኳት እኔ ነኝ፤ መዝገበ ቃላት ተውሼ በሁለት ቀን ጨረስኳት። ወረቀቷ ራስጌዋ ላይ «የሼራትስ ክፍለ ሀገር» ትላለች። ካርታ አየሁ። በዛሬዋ ፖላንድ የሼራትስ ክፍለ ሀገር የሚባል የለም፤ ከተማዋ ያለችው ዉች በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ስለዚህ «የዉች ክፍለ ሀገር» ብዬ ጻፍኩ።

በስንፍና አይደለም፣ በልምድ ነው። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሲባል በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጬ ያየሁ ሰው ነኝ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት በትናንቱ ስም የተጻፈ ማመልከቻ ይዞ የሄደ ገበሬ «ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?» ተብሎ ይመለሳል። ሁለት ቀን በእግሩ መጥቶ ሁለት ቀን በእግሩ ይመለሳል። ስለዚህ ወረቀት ስንገለብጥ የአገሩን ስም ከዛሬው ጋር ማስተካከል የሙያችን ደንብ ነበር። የኔ ዘመን ራፖር ጸሐፊ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ የራሴን የትውልድ ቦታ እንኳ ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ ለውጫለሁ።

ኢሚግሬሽን ግን ደብዳቤ ላከ። ትርጉሙና ወረቀቱ አይስማሙም፣ የወረቀቱም ማህተም ደብዝዟል፤ አዲስ ግልባጭ ከትክክለኛ ትርጉም ጋር እስከ ቀነ ገደቡ ካልቀረበ ጉዳዩ ይዘጋል ይላል። ወይንሸት ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ሶ ይሄ ሪጄክት ከተደረገ ማዘር እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምረው» አለችኝ። «እስከዚያ ትቆይልኛለች ብለህ ታስባለህ?»

አንቱታ ከጣለች ቆይታለች፤ ያን ቀን አላረምኳትም። ስህተት የለም አልኳት። ስህተቱ ካርታ ማየት ያልቻለው የኢሚግሬሽኑ ጸሐፊ ነው አልኳት። ግልባጩን በፖላንድ ቆንስላ በኩል ማዘዝ ከቀነ ገደቡ እንደሚያልፍ ተነግሯታል፤ እሷ ደግሞ ሥራዋን ጥላ መሄድ አትችልም። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ግልባጩን አወጣለሁ፤ ከተማዋ ዉች ክፍለ ሀገር ውስጥ መሆኗንም በማህተም አስመስክሬ እመለሳለሁ። ውክልናውን ራሴ አርቅቄ ኖታሪ ዘንድ አስመታሁት።

ሰኞ

ወይንሸት ከሥራ በፊት ድራይቭ አድርጋ ኤርፖርት አደረሰችኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ቀነ ገደቡ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

የመጀመሪያው ንዴት ፍተሻው ላይ ጠበቀኝ። ረቡዕና ዓርብ ጿሚ ስለሆንኩ፣ ሰው አገር ደግሞ ምን እንደሚበላ ስለማይታወቅ፣ አንድ ኪሎ በሶ ይዤ ነበር። ፈታሹ ወጣት ከረጢቱን ከፍቶ አሸተተ፤ ጨርቅ አሻሸበት፤ ጨርቁን መሣሪያ ውስጥ ከተተ፤ ሌላ ሰው ጠራ። ገብስ ነው አልኩ። ለምን ተፈጨ አሉኝ። ያልተፈጨ ገብስ የሚበላ ፈረስ ነው ብዬ መለስኩ፤ ሁለተኛው ሰውዬ ሳቀና ለቀቀኝ። ከረጢቱን ግን በደንብ አላሰረውም። ዋርሶ ስደርስ ካፖርቴና ሁለቱም ሸሚዞቼ በሶ ለብሰው ነበር።

ማክሰኞ

ከዋርሶ በባቡር ሄድኩ። የኛ የሎስ አንጀለሱ የፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ላይ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። እዚያ ግን ወንበር ሁሉ ባለቤት አለው፤ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል፤ እኔ አላነበብኩም። አንዲት ሴትዮ መጥታ በትህትና ወንበሯ ላይ መቀመጤን አሳየችኝ። ተነሣሁ። ቲኬቴን ተቀብላ እያገላበጠች፣ ሻንጣዬን ራሷ እየጎተተች፣ ሁለት ፉርጎ አቋርጣ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ። ላመሰግናት ስል ትከሻዬ ላይ የነበረውን በሶ አራግፋልኝ ሄደች።

አገሩ ሜዳ ነው። ተራራ የለም፣ ጉብታ የለም፤ ጥድ፣ የታረሰ ማሳ፣ እንደገና ጥድ። ገና በጊዜ ፀሐይዋ ገባች። ሎስ አንጀለስ ላይ በዚያ ሰዓት ሰው መነጽር አድርጎ ነው የሚነዳው።

ዝዱንስካ ቮላ ጣቢያ ላይ ቀድሜ የያዝኩት ማረፊያ ባለቤት አቶ ዝቢግኔቭ ቆመው ጠበቁኝ። ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሻንጣዬን ግን አልሰጥም ብል እጄን አላቀው ወሰዱት። ሚስታቸው ወይዘሮ ሃሊና እንግሊዝኛ ትናገራለች። ሾርባ አቀረበችልኝ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ የአጃ እርሾ ነው አልኳት። ከየት አወቁ ብላ ደነገጠች። እኛ አገር እርሾን የማያውቅ የለም ብዬ ስለ አብሲት አስረዳኋት። ከዚያም ስለ አሰበ ተፈሪ፣ ስለ ዳኞቹ፣ ስለ ፌርፋክስ ጠረጴዛዬ ነገርኳቸው። ባልና ሚስቱ በሚገባ አደመጡኝ። ሾርባው ሲቀዘቅዝ ሃሊና ተነሥታ አሞቀችልኝ።

ረቡዕ

ዘጠና ሰባት ነገር አስቤ አንዱን ረሳሁ። መዝገብ ቤቱ ዝግ ነው። ዳቦ ቤቱም ዝግ ነው፤ ፋርማሲውም። በሩን ሦስት ጊዜ ደበደብኩ። ለካስ ፖላንዶች በዚያ ቀን ሙታናቸውን ይጎበኛሉ፤ የሕዝብ በዓል ነው። ፌርፋክስ ላይ በዓል ሲሆን ሱቅ ይበልጥ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። ቀነ ገደብ ያለበት ሰው መጥቷል ብሎ አንድ ዘበኛ እንኳ የማያስቀምጥ ከተማ ምን ይባላል?

ዝቢግኔቭ ስቆጣ አይተው የራሳቸውን ጓንት አጠለቁልኝና ወደ መቃብር ይዘውኝ ሄዱ። ከተማው በሙሉ እዚያ ነበር። ሰው ሁሉ የአበባ ማሰሮና የብርጭቆ ፋኖስ ይዟል፤ ሳርና ቅጠል ይጠርጋል፣ ድንጋይ ይወለውላል። ከአርባ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ፋኖስ ይበራለታል። ይህን ሁሉ የሚያስታውሱ ሰዎች አንድ ሙሉ ክፍለ ሀገር እንዴት ከካርታ ያጣሉ? ብዬ ሃሊናን ጠየቅኋት። ለባሏ ተረጎመችላቸው። ዝቢግኔቭ «አላጣነውም፣ ወሰዱብን እንጂ» አሉ። 

ስመለስ በሶዬን በውሃ በጠበጥኩ። ሃሊና ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማልበላ በጣቷ እየቆጠረች ካጣራች በኋላ፣ ድንችና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን በዘይት ሠርታ አመጣችልኝ። ከበሶው ይሻል ነበር፤ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

መዝገብ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ጨዋ ናት። ፖላንዶች አንቱታን አልጣሉም፤ እንደኛ ሽማግሌዎች «ጌታዬ» ሳይሉ አያናግሩም። ውክልናዬን አየች፤ ቀዩን ማህተም አደነቀች፤ ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ወደ ፖላንድኛ መመለስ አለበት። ሕጋቸው ነው። እኔ የሕግ ሰው ስለሆንኩ ገባኝ፤ ቢሆንም ተናደድኩ። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የከተማውን የእንግሊዝኛ ተርጓሚ ስምና አድራሻ ጽፋ ሰጠችኝ።

አድራሻውን ስከተል ያደርኩበት ቤት ደረስኩ።

ሃሊና ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ትንሽ ክፍል ተቀምጣ ነበር። ስሟ ዙሪያውን የተቀረጸበት ክብ ማህተም ጠረጴዛዋ ላይ አለ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሥራዎ ነገሩን» አለችኝ። «ስለኔ ሥራ አልጠየቁኝም።»

ውክልናውን ወዲያው ተረጎመችው። ከዚያ ነገሩን ሁሉ እንዳየው ብላ የወይንሸትን ማህደር ጠየቀችኝ። አሮጌውን የልደት ወረቀት ከእኔ ትርጉም ጎን አድርጋ በእርሳስ ጫፍ መስመር በመስመር ሄደች። ክፍለ ሀገሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔም ያንን ስጠብቅ ነበርና አብራራሁ፤ ስለ ጠቅላይ ግዛት፣ ስለ ክፍለ ሀገር፣ ስለ ክልል። አቋረጠችኝ። ያሳሰባት ያ ብቻ አልነበረም። ጣቷ የገጹ ግርጌ ላይ ነበር።

«እዚህ ላይ እንግሊዝኛና ፖላንድኛ አሳምሬ አውቃለሁ ብለው ፈርመዋል። ፖላንድኛ ያውቃሉ?»

መዝገበ ቃላት አለኝ አልኳት።

«እኔ መዝገበ ቃላት አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ማህተም አንዲት ቃል አሳስታ ብትገኝ ፍርድ ቤት እንደምትቆም ነገረችኝ። ተርጓሚ የተጻፈውን ነው የሚጽፈው፤ ቢያስቀው፣ ቢያናድደው፣ የተጻፈው ነገር ከዓለም ላይ ቢጠፋም እንኳ። የአሜሪካ ቢሮ ልጅቷን ውሸታም ብሎ ቢዘጋባት ዕዳው የማን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የተናገረኝ ሰው የለም። ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ፤ በሩንም ዘጋሁት። አንድ ሴት፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ተቀልባ የተማረች፣ በገዛ ጥርሱ ቋንቋ ነክሶ የተማረን ሰው ታርማለች? በራት ሰዓት አልወጣሁም። ሳህን በር ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ዓርብ

ሃሊና እንዳልተጣላ ሰው አብራኝ ወደ መዝገብ ቤት መጣች። ግልባጩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጣ። የወይንሸት እናት ስም፣ አስካለ፣ ከነአባታቸው ስም፣ ፊደል ሳይጎድል አለ። እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ የመጣሁበትን ዋናውን ነገር ጠየቅሁ፤ ከተማዋ ዉች ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት የሚል ማስረጃ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ግራ ተጋባች። ዛሬ ናት አለች፣ ይህን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ልጅቷ ስትወለድ ግን አልነበረችም። የዛሬውን ማን ጠየቀዎት?

ቀኑን በንዴት ልጨርሰው ስል ዝቢግኔቭ መኪናቸውን አስነሡ። ሩብ ሰዓት ያህል ነድተው ሼራትስ ወሰዱኝ። አንድ ትልቅ ሕንፃ ፊት ለፊት አቆሙና በመኪናው መስታወት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መስኮት አሳዩኝ። የእሳቸው ጠረጴዛ እዚያ ነበር። ሃሊና ከኋላ ወንበር ሆና ተረጎመችልኝ።

ሼራትስ በድሮ ዘመን፣ በነገሥታቱ ጊዜ፣ የራሱ ገዥ የነበረው ኩሩ አገር ነው። ኋላ የጎረቤት መንግሥታት ፖላንድን ሲቀራመቷት ጠፋ፤ ቆይቶም በዉች ሥር ሆነ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 አጋማሽ ዋርሶ ያለው መንግሥት አገሩን አርባ ዘጠኝ ቦታ ቆራረጠውና ሼራትስ እንደገና ክፍለ ሀገር ሆነ። ዝቢግኔቭ ወጣት ጸሐፊ ሆነው የገቡት ያን ጊዜ ነው። ወረቀት እንኳ አልነበረም አሉ፤ የዉችን ራስጌ በቀለም እየሰረዙ ከላዩ ሼራትስ እያሉ ይጽፉ ነበር። ዝዱንስካ ቮላዎች ደግሞ ፋብሪካው የኛ፣ ቢሮው የነሱ እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ቢሆንም ሆስፒታል ተሠራ፣ መንገድ ተሠራ፣ የሰው ልጅ ተወለደ፣ ተጋባ፣ ሞተ፤ ሁሉም በዚያ ስም ተመዘገበ። ሃያ ሦስት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖረ። ከዚያ ሌላ መንግሥት መጥቶ አርባ ዘጠኙን አሥራ ስድስት አደረገና በ1999 አዲስ ዓመት ሼራትስ ተሰረዘ። ዝቢግኔቭ የቢሮውን ታፔላ ነቅለው ወሰዱት። አሁን የጥንቸሎቻቸው ቤት ጣሪያ ነው፤ ዝናብ አያስገባም።

እኔም ደሜ ፈላ። በየአገሩ ያለ ባለሥልጣን እንደ እንጀራ አገር ይቆርሳል፤ ጣጣው ግን ለጸሐፊና ለባለጉዳይ ይቀራል አልኩ። ዝቢግኔቭ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ሃሊና ለመተርጎም ትንሽ ዘገየች።

«ዋርሶ ሲሰርዘን ቢያንስ ሕግ አውጥቶ ነው። እርስዎ በየትኛው ሕግ ሰረዙን?»

ቀና ብዬ የሦስተኛውን ፎቅ መስኮት እንደገና አየሁ። 

ቤት ስንመለስ ሃሊና ምሳ አቀረበች። ዓርብ እነሱም ሥጋ አይበሉም፤ ሦስታችንም ድንች በላን። ከዚያ ጠረጴዛዋን ለቀቀችልኝና አዲሱን ግልባጭ ስትተረጉም እኔ ለኢሚግሬሽን ማብራሪያ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ሆነ፤ ስለ ታሪክ፣ ስለ አስተዳደር፣ ስለ ልምዴ። ሃሊና አነበበችው። በጣም ጥሩ ነው አለች፤ ግን የት ላይ ነው ልጅቷ ጥፋት የለባትም የሚለው? ቀደድኩት። ሁለተኛው አንድ ገጽ ነበር፤ ራሴ ቀደድኩት። ሦስተኛው አራት መስመር ሆነ።

ስለ ትርጉሙ ዋጋ ስጠይቃት ዝቢግኔቭ መልሱን ቀሟት፤ ለሼራትስ ክፍለ ሀገር ጉዳይ ከሥራ ባልደረባ ገንዘብ አይወሰድም አሉ።

ቅዳሜ

ዝቢግኔቭ እስከ ባቡሩ ሸኙኝ፤ ወንበሬን ራሳቸው ፈልገው አስቀመጡኝ። ጓንቱን ልመልስላቸው ስል እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ስለ አውሮፕላኑ የምለው የለኝም፤ ጉልበቴን የፊተኛው ወንበር እስከ ሎስ አንጀለስ ሲገፋው መጣ።

ወይንሸት ከነሥራ ልብሷ ኤርፖርት ቆማለች። ማህደሩን ከእጄ ነጥቃ ግልባጩን አወጣች፤ የእናቷን ስም አየች፤ በጣቷ ዳሰሰችው። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ሞተር ሳታስነሣ፣ አራት መስመሯን ደብዳቤ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

«ጋሼ፣ ይሄንን ካስገባን አንተ ላይ ችግር አይመጣም?»

ሊመጣ ይችላል አልኩ።

«እና?»

«የእናትሽ ጉዳይ እንዳይዘጋ ነው የሄድኩት» አልኳት። «በይ መኪናውን ንጂ።»

ነዳች። ላ ሲየኔጋ ጎዳና ላይ ስንደርስ ታለቅስ ነበር፤ ተናድዳም ነበር። ያን ቀን ደብዳቤው ሲመጣ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ይገባኝ ነበር አለችኝ፣ ሰው ይሳሳታል፣ ስህተት የለም ስትለኝ ግን እኔ ራሴን ነበር የምጠራጠረው፤ ምናልባት የተወለድኩበትን አላውቅም ይሆናል እያልኩ። ሰባ አራት ዓመት ኖሬ ካገኘሁት ስድብ ሁሉ ይህ ስድብ ያልሆነው ይበልጥ አሞኛል።

ዛሬም ንዴቴ አልበረደም። በአገር ስም በሚጫወቱት ላይ ተናድጃለሁ። በበዓል ቀን በተዘጋው በርም፣ በሶዬን ባልቋጠረው ፈታሽም ተናድጃለሁ። ከሁሉም በላይ የተናደድኩበትን ሰው በየማለዳው ስላጭ መስታወት ላይ አየዋለሁ።

በዚህ ጉዞ የሠራሁት ይህ ነው፦

በሰባ አራት ዓመቴ፣ ቋንቋውን በማላውቀው አገር፣ ያለ አስጎብኚ ሄጄ ተመለስኩ።

ማንም የፌርፋክስ ሰው ያላየውን የሼራትስን ቢሮ አየሁ፤ ታፔላውንም ጥንቸሎቹ ቤት ላይ በእጄ ነካሁ።

አዲሱን ግልባጭ ከሕጋዊ ትርጉሙ ጋር ከቀነ ገደቡ ስድስት ቀን ቀድሜ አስገባሁ።

ሁለት ጾም ሳልገድፍ ጾምኩ።

የእትዬ አስካለ ማመልከቻ ጸደቀ፤ የቀራቸው ቃለ መጠይቅ ነው። ወይንሸት ስልኩን ሰጥታኝ ራሴ ነገርኳቸው።

የራሴን ወረቀቶች አውጥቼ የትውልድ ቦታዬ በስንት ስም እንደተጻፈ ቆጠርኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ የትርጉም ሥራ እንደማልቀበል በትልቅ ፊደል ለጠፍኩ።

በእንግሊዝኛ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ስህተቱ የአመልካቿ አይደለም። ወረቀቱ ያለውን ለውጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፖላንድኛ አላውቅም። ታፈሰ።